ፉል በካርድ

አበሻ ግብር ክፈል ሲሉት ይደበቃል፣ የሰው ቁርስ ልክፈል ብሎ ግን ይደባደባል! አይቆጡኝ አንባቢዬ… እርስዎም ያው ነዎት። የጓደኛዎን እጅ ጠምዝዘው «በሞቴ!» ሲሉ አይቼዎታለሁ። እርግጥ ሁለት ዓይነት ነን። አንዱ ከልቡ ይታገላል፤ የሌላው እጅ ግን ኪሱ ከገባ በኋላ እስኪወጣ ድረስ አስተናጋጇ አግብታ ትወልዳለች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ከአንጀት ልክፈል ካሉም ኪስ እንዲህ አይጠብም። የቱ እንደሆኑ ለራስዎ ይንገሩ፣ እኔን አያስለፍልፉኝ።

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። ቃሊቲ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ትንሽ ፉል ቤት አለችኝ። (ወግ መጻፍ ፉል አያበላም፤ ፉል መሸጥ ግን ወግ ያስጽፋል።) ቤቴ ስጋ ስለማይገባ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ሰሃን ይጎርሳል። ከደንበኞቼ ሁሉ የማከብራቸው ጋሽ ወልዴንና ጋሽ ሸምሱን ነው። ሁለቱም የህንፃ መሣሪያ ነጋዴዎች ናቸው፤ ሱቆቻቸው ግድግዳ ይጋራሉ፣ እነሱም ሚስማር እየተበዳደሩ ያረጁ ወዳጆች ናቸው። ጠዋት ጠዋት አንድ ልዩ ፉል አብረው ይበላሉ፤ ከዚያ ይጣላሉ።

«እጅህን ሰብስብ ወልዴ! ወላሂ አትከፍላትም!»

«ገብርኤልን! እኔ ነኝ የምከፍለው! ዞር በል ከፊቴ!»

«እኔ ቁሜ?»

«ቁጭ በላ!»

ወንበር ይወድቃል፣ ሻይ ይደፋል፤ አንድ ቀን እንዲያውም የጋሽ ሸምሱ የኮት ቁልፍ ከፉሉ ድስት ውስጥ ወጥቷል። አዲስ ደንበኛ ከሆነ ፖሊስ ልጥራ ይላል። እኔ ግን ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜ ዳኝነቴን እሠራለሁ። ምስጢሩን ለእርስዎ ብቻ ልንገርዎት፦ ትናንት ማን እንደከፈለ አልረሳም። የዛሬውን ተረኛ ብር ላፍ አደርግና ለሌላው «ውይ ጋሼ፣ ቀደሙዎት!» እላለሁ። ተሸናፊው «ይቺ ሴት ታዳላለች» እያሉ፣ አሸናፊው ደረታቸውን ነፍተው ይወጣሉ። ስንት ዓመት እንዲህ ኖርን፤ አንዱ በሌላው ላይ ሳይከብድ።

ታዲያ ይህን ሰላም ማን አደፈረሰው? እኔው! ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ክፍለ ከተማው የጥቃቅንና አነስተኛ ነጋዴዎች ስልጠና ብሎ ሰበሰበን። ስለ ኪራይ ሰብሳቢነት ግማሽ ቀን ሲነገረን አንቀላፍተን፣ ለስላሳው ሲመጣ ነቃን። ያኔ አንድ ከባንክ የመጣ፣ ከረባቱ አንገቱን ሊያንቀው የደረሰ ወጣት ተነስቶ የክብሪት ሳጥን የምታክል ማሽን አሳየን። ከስማርት ስልክ ጋር ትገናኛለች፤ ደንበኛው የባንክ ካርዱን ይሰካባታል፣ የሚስጥር ቁጥሩን ስልኩ ላይ ይነካል፣ በቃ ተከፈለ!

«ለትልቅ ሆቴል ብቻ አይደለችም። ባዛር ላይ፣ ድግስ ላይ፣ የትም ይዛችኋት ትዞራላችሁ» አለን።

እኔ ደግሞ በዝርዝር እጦት መልስ በማስቲካ የምሰጥ ሴት ነኝ። ልቤ ቅልጥ አለ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ… ቀድሜ ፈረምኩ። የፉል ቤቴ በር ላይም «በካርድ እንቀበላለን» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ለጠፍኩ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ጎረምሳ በልቶ ሲያበቃ የተፋቀ የሞባይል ካርድ ዘረጋልኝ።

ጋሽ ሸምሱ ግን የገባቸው ሰው ናቸው፤ ልጆቻቸው አስተምረዋቸዋል። ጋሽ ወልዴ የመጨረሻዋን ጉርሻ እያላመጡ ሳለ ካርዳቸውን ሰክተው፣ ነካክተው፣ ጢጥ! አለቀ። ጋሽ ወልዴ ብራቸውን ጨብጠው እኔን አዩኝ። ምን ላድርግ? ማሽን ተራ አያውቅም!

በማግስቱ ጋሽ ወልዴም ካርድ ይዘው መጡ። መነጽር ፍለጋ ሁሉንም ኪስ ዳበሱ። የሚስጥር ቁጥራቸውን ሰው እንዳያይባቸው ስልኩን በባርኔጣቸው ሸፈኑ፤ ሸፍነው ደግሞ ራሳቸውም አላዩትም። ተሳሳቱ። እንደገና ተሳሳቱ። ጋሽ ሸምሱ ከጎን መጥተው ጢጥ! ከዚያ ወዲያ ነገሩ በየቀኑ ያው ሆነ። ግብግቡ ቀረ፣ ወንበሩም አልወደቀ። የጋሽ ወልዴ ጉርሻ ግን እያነሰ ሄደ።

«ልጄ፣» አሉኝ አንድ ቀን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሸምሱ የሚቀልበኝ ጡረተኛ ሆንኩ እኮ!»

ከዚያ መምጣት ተዉ። ጋሽ ሸምሱ ብቻቸውን ተቀመጡ። ፉሉን አዘዙ፣ በራሳቸው በኩል ያለውን ግማሽ በሉ፤ በጋሽ ወልዴ በኩል ያለውን ሳይነኩት ተነሱ። «ወልዴ አመመው እንዴ?» ብለውም እኔን ጠየቁኝ። ግድግዳ የሚጋሩት ሰውዬ እኔን! ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ። ሰው አንድ ቀን ቢከፈልለት ደስ ይለዋል፤ ሁልጊዜ ሲከፈልለት ግን ሰው መሆኑ ይቀንስበታል። የዕድሜ ልክ ወዳጅነት በእኔ ዘመናዊነት ሊፈርስ ነው!

ሽርጤን እንዳሰርኩ ጋሽ ወልዴ ሱቅ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ነገ ይምጡ። ኔትወርክ ጠፍቷል።»

«እስከ መቼ?»

«እንጃ… የኔትወርክ ነገር በማን ይታወቃል?»

ፊታቸው በራ። «እንግዲህ ከላይ የመጣ ነው፣ ምን ይደረጋል!» አሉ፤ ሳቃቸውን ለማፈን ማንም ያልጠየቃቸውን ሚስማር መቁጠር ጀመሩ።

ማሽኗን ስኳር ጣሳ ውስጥ ከተትኳት፤ ለጋሽ ሸምሱም ያንኑ ነገርኳቸው። አገር ሁሉ ኔትወርክ ጠፋ ብሎ ሲራገም፣ ጠፋልኝ ብላ ዕልል ያለች እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። በማግስቱ ወንበር ወደቀ! ሻይ ተደፋ! የጋሽ ወልዴን ብር ላፍ አደረግኩ። ጋሽ ሸምሱ «ይቺ ሴት ታዳላለች!» አሉ፤ እንዲህ ደስ የሚል ስድብ ሰምቼ አላውቅም።

ደስታ ግን መች ይበረክታል! አንድ ጠዋት ሁለቱ እየበሉ ሳለ ያ ባለ ከረባት የባንክ ልጅ ከተፍ አለ።

«እትዬ፣ ከእርስዎ ዘንድ ምንም ክፍያ እየመጣ አይደለም።»

«ኔትወርክ የለም ወንድሜ። እስቲ መጀመሪያ ቁርስ ብላ።»

ፉል አፉን ይዘጋልኛል ብዬ ነበር። በላ፤ በልቶ ሲያበቃ ግን የራሱን ካርድ አወጣ። «ሒሳቤን በዚሁ ልክፈልና እንሞክራት። ማሽኗ የት አለች?» ምን እላለሁ? ከስኳር ጣሳው አውጥቼ፣ ስኳሯን በሽርጤ ጠርጌ ሰጠሁት። ነካ ነካ አደረጋት።

«ትሠራለች! ኔትወርክ አለ እኮ!»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሽ ሸምሱ ማሽኗን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጋሽ ወልዴን አዩ። ቀስ ብለው ተነሱና የልጁን ካርድ ከእጁ ወስደው ወደ ደረት ኪሱ መለሱለት።

«ልጄ፣ የለም ከተባለ የለም ነው።»

«ጋሼ፣ ይኸው እኮ…»

«የለም አልኩህ! እኔ ካርዴን ቤት ጥዬ የምመጣው ለጤናዬ መሰለህ?»

ጋሽ ወልዴ ከሰሃናቸው ቀና ሳይሉ «እኔም አጣርቻለሁ፤ የለም» አሉ። «ደግሞስ እንግዳ ሆነህ ልትከፍል ነው? ሂሳቡ የኔ ነው!»

«ወላሂ የኔ ነው!»

ወንበር ወደቀ። ልጁ መሃል ገብቶ ሲገላግል ከረባቱ ተፈታ፤ ከአንገቱ ሲላቀቅለት ሰው መሰለ። ፊቱን ወደኔ መልሶ አየኝና ሳቀ፤ ነገሩ ገባው። ስልኩን አውጥቶ እፊታችን አለቃው ዘንድ ደወለ።

«አለቃ፣ ቃሊቲ ፉል ቤቷ ነኝ። አዎ፣ ማሽኗ አትሠራም። ሰፈሩ ላይ ጭራሽ ኔትወርክ የለም።»

የአለቃው ጩኸት ለሁላችንም ጥርት ብሎ ተሰማን፦ «ታዲያ በምን ደወልክልኝ?!»