ጋሽ አስረስ የጻፉልኝ ክስ

ክስና አቤቱታ የሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ የሌለው ከተማ የለም፤ ገና አፍህን ስትከፍት አንቀጽ የሚመዝዝብህ ዓይነት ሰው። የእኛው የሐይቅ ከተማው ክቡር ጋሽ አስረስ ነበሩ። ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ወንበራቸውን ዘርግተው ይውላሉ። "ሰደበኝ" ካልካቸው ምን ብሎ፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ማን እየሰማ ብለው ያደርቁሃል። አንዷን ሙሽራ በሠርጓ ማግስት አማቷን እንድትከስ መክረዋታል ይባላል።

"ክስ ማለት ስም፣ ቀን፣ ቦታና ድርጊት ነው" ይላሉ መነጽራቸውን እየጠረጉ። "ክስ የሌለው እስረኛ፣ እሱ ራሱ የለም ማለት ነው።" እንስቅባቸው ነበር።

በ1970 ሳቁ ቆመ። እኔን፣ መምህር ሙዘይንን፣ ከአስራ አንድ ሰዎች ጋር ቀበሌው እህል መጋዘን ውስጥ አጎረን። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም። ጠዋት ጉሙ ከሐይቁ ላይ ሳይነሳ ዘበኛው በሩን ገርበብ አድርጎ አንድ ስም ይጠራል። የተጠራው ጫማውን ሊያጠልቅ ሲያጎነብስ "ተወው፣ አያስፈልግህም" ይለዋል፤ በለሰለሰ ድምፅ። በአምስተኛው ቀን ባለቤት የሌላቸው አምስት ጥንድ ጫማዎች ቆጠርኩ።

እናቴ አሚናት ጋሽ አስረስ ዘንድ ሄዳ አለቀሰች። እሳቸውም ቀበሌ ገብተው ክሴን ቢጠይቁ የለም ተባሉ።

"አሚናት፣ ልጅሽ ክስ የለውም" አሏት ተመልሰው። "እኔ እሰጠዋለሁ።"

ሙዘይን ውጫሌ ገበያ ላይ በቅሎዬን ሰርቆኛል ብለው ጻፉ። ጋሽ አስረስ በቅሎ ኖሯቸው አያውቅም። በሐሰት መክሰስ እንደሚያሳስር ደግሞ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

በስድስተኛው ጠዋት የተጠራው ስም የእኔ ነበር። በባዶ እግሬ ወጣሁ። ደጅ ግን መጥሪያ የያዘ ፖሊስ ቆሟል። ዘበኛው ማኅተም ስለሚፈራ አስፈርሞ አስረከበኝ።

ዳኛው ክሱን አንብበው፣ ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ አሉኝ። ጋሽ አስረስን አየኋቸው፤ መነጽራቸውን ይጠርጋሉ። ብክድ በነጻ ተለቅቄ የምመለሰው ወደ መጋዘኑ ነው።

"ሰርቄያለሁ" አልኩ።

"በቅሎዋስ?"

"ሸጥኳት፣ ጌታዬ።"

ደሴ ወህኒ ቤት ስድስት ወር ታሰርኩ። ስወጣ መጋዘኑ ተመልሶ የእህል ሆኖ ነበር። ጋሽ አስረስ አቅፈው ሳሙኝና ተቆጡኝ፤ በዕድሜያቸው የጻፉት የሐሰት ክስ የእኔ ብቻ ስለሆነ ስማቸውን አጥፍቼባቸዋለሁ። እኚያን ነዝናዛ ሰውዬ እንደ አባቴ ነው የምወዳቸው።

ዛሬም ቅጽ ስሞላ "ተከሰው ያውቃሉ?" የምትል ጥያቄ አትጠፋም። "አዎ" ብዬ እጽፋለሁ። አብረውኝ መጋዘን የነበሩት አስራ አንዱ ግን አንድም ቀን ተከሰው አያውቁም።