የአዴ ፋጡማ ብርቱካንና ድር የማታደራው ሸረሪት

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያለውን አባት ነፍሱን ይማረውና፣ ሸረሪትን ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጎ ያያት ይመስለኛል። በደርግ ዘመንማ ስብሰባ ያለዚህ ተረት አይከፈትም፣ ያለዚህ ተረትም አይዘጋም ነበር። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጉሮሮውን የሚጠርገው በእሱ ነው። ያ ምስኪን አንበሳ ስንት ጊዜ ታሰረ!

ድሬዳዋን ለማታውቁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ አንቱታ የእኛን ሙቀት አይችልም። ሽማግሌውም ሹሙም «አንተ» ነው። ስለዚህ አዴ ፋጡማን «አንቺ» እያልኩ ባወራ አሳዳጊ የበደለው አትበሉኝ። «አዴ» በእኛ አገር እናት ማለት ነው፤ አዴ ፋጡማም የግቢያችን እናት ነበረች። ባሏ ሲሞት የተወላት ሀብት አንድ ትልቅ የብርቱካን ዛፍ ነው። ፍሬውን መጋላ ገበያ ወስዳ ትሸጣለች፤ በቀትር፣ ከተማው በሙሉ በሩን ዘግቶ በሚተኛበት ሰዓት ደግሞ ጥላው ሥር ሰሌን አንጥፋ ጋደም ትላለች። እንጀራዋም ዕረፍቷም እሱው ነበር።

አንድ የጽዳት ዘመቻ ሰሞን ሊቀመንበሩ ግቢያችን ገብቶ ቀና ቢል፣ ቅጠሎቹ ተጠቅልለው በነጭ ክር ተሰፍተዋል። «ተባይ ነው! ሳይዛመት ተቆርጦ ይቃጠል» አለ። ጉዳዩ ለእሁድ ስብሰባ ተቀጠረ። አዴ ፋጡማን ያን ሳምንት እህል አልዋጥ አላት። እኛ ጎረቤቶቿም አዘንን፤ ግን አፉን ማን ይክፈት? «ዝምታ ወርቅ ነው» የሚለው ተረት እንደዚያ ዘመን ገበያ ደርቶለት አያውቅም።

አፉን የከፈተው መምህር ጌታሁን ነው። የባዮሎጂ አስተማሪና የግቢያችን ተከራይ ሲሆን፣ ስለ ነፍሳት ከጠየቃችሁት ምሳውን የሚረሳ ሰው ነበር። እሁድ ዕለት አንድ ጥቅል ቅጠል ይዞ አዳራሽ መጣና ቀስ ብሎ ፈታልን። ውስጡ ነጭ የሐር ከረጢት አለ፤ ከረጢቱ ውስጥ ደግሞ አንዲት ቢጫማ ሸረሪት ተኝታለች። «ተባይ አይደለችም፣ ተባይ በል ናት» አለ። «ድር አታደራም። ቀን ከረጢቷ ውስጥ ትተኛለች፣ ሲመሽ ወጥታ በእግሯ እየዞረች ታድናለች።»

ምነው እዚያ ላይ ባበቃ!

ሊቀመንበሩ ፊቱን ቋጠረ። «ድር አታደራም? ብቻዋን? ቀን ተደብቃ ሌሊት የምትንቀሳቀስ?» ይህ ክስ በሰው ላይ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚያስከትል የዘመኑ ሰው ያውቀዋል። መምህሩ ግን ወሬው ጥሞት ቀጠለ፤ አንዱን ከረጢት ትታ ሌላ እንደምትሠራም ነገረን። ከኋላ አንዱ «ትርፍ ቤት!» ብሎ ጮኸ። ትርፍ ቤት በአዋጅ የተወረሰበት ዘመን ነውና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም።

«ለመሆኑ ከየት ነው የመጣችው?»

«ምን የማትገኝበት አለ? ዘመዶቿ ዓለምን ሞልተውታል። በረዶ አገር አሉ፣ በረሃ አሉ። ድንጋይ ሥር የሚያድር አለ፣ የዛፍ ቅርፊት ሥር የሚያድር አለ። አውሮፓ፣ እስያ፣ አሜሪካ...»

አሜሪካ ሲል የአዴ ፋጡማ ዛፍ ሲገነደስ ታየኝ።

«ሶቪየት ኅብረትስ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ሞልታለች እንጂ! ጫካው ሁሉ የእሷ ነው።»

የሊቀመንበሩ ግንባር ተፈታ። «አቦ፣ ታዲያ ይህን አስቀድመህ አትናገርም?»

ዛፉ እንዳይነካ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። አዴ ፋጡማ እልልታዋን አቀለጠችው፤ የመምህሩንም ግንባር ሳመች። እኔም እንባዬ መጣ፣ አልዋሽም።

ግን ቀበሌ የማረውን ዝም ብሎ አይተውም። የብርቱካኑ ዛፍ «አርአያ ዛፍ» ተባለ። አዳራሹ ደግሞ በቆርቆሮው ሙቀት ያፍናል። ስለዚህ የእሁዱ ስብሰባ ወደ ጥላው ተዛወረ፤ የውይይት ክበቡ ተከተለ፣ የሴቶችና የወጣቶች ማኅበርም የተቀሩትን ቀናት ተካፈሉ። ሁሉም የሚመጡት ጥላው በሚፈለግበት በቀትር ነው። በሰሌኑ ቦታ አግዳሚ ወንበር ተተከለ። ፍሬውም ከተሰብሳቢ እጅ አልተረፈም፤ ሰፊውን ሕዝብ እያነቃ አንድ ሁለቱን የማይልጥ አልነበረም።

አንድ ቀን አዴ ፋጡማ መምህሩን በር ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«አቦ መምህር፣ ያቺ ሸረሪትህ የማትወጣበት ዛፍ የቱ ነው? ወላሂ ይህን አስቆርጬ እሱን እተክላለሁ።»

መምህሩ ውሸት አያውቅበትም።

«አዴ፣ እንዲህ ያለ ዛፍ እስካሁን አልተገኘም» አላት።

«እንግዲያው ቁልቋል አምጣልኝ» አለችው። «እሷ ትምጣ ግድ የለም፤ ተሰብሳቢው እሾሁን ፈርቶ ይቀርልኛል።»