የሰብለ ታኮ

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብለዋል አበው። ስለ ጫማ ግን አንዳች አልተናገሩም፤ እኔም በዚህች ቀዳዳ ሾልኬ ነው ጉድ ውስጥ የገባሁት። እናንተዬ፣ ምኞት ከሁሉ አስቀድማ የምትይዘው ዓይንን ነው። ዓይን ደግሞ ደመወዝ ስንት እንደሆነ አይጠይቅም።

የእኔን ዓይን የያዘው ስልኬ ላይ ያየሁት ባለ ቀይ ሶል ጥቁር ታኮ ጫማ ነው። ፈረንጅ የሠራው፣ ቀጭን፣ ኩሩ። ዋጋውን ሳነብ ስልኩን ደፋሁት። እንደኔ ያለች የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ዓመት ሙሉ ሳትበላ ሳትጠጣ ብትከርም ምናልባት የአንዱን እግር ትገዛ ይሆናል። ስለዚህ እንደ ማንኛችሁም ብልሃት ፈለግሁ። ቅዳሜ ገበያ ወርጄ የልባሽ ጫማ ክምር ስገለብጥ፣ ቁርጥ እሱን የመሰለ ጥቁር ባለታኮ አገኘሁ። የግራው ጎን በክር ተሰፍቷል፤ ያቺን ስፌት ሰበብ አድርጌ አስቀነስኩ። ከዚያ ቀይ የጥፍር ቀለም ገዝቼ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሶሉን ሦስት ጊዜ ደራርቤ ቀባሁት። ከሩቅ ሲያዩት የፈረንጁ ነው። ከቅርብማ ማን ያየዋል? ሰው ከጫማዬ ሥር አይተኛ!

ሰኞ ጠዋት ተጫምቼው ከቁስቋም ቁልቁል ወደ ሥራ ወረድኩ። ጫማው ልክ ለእኔ እንደተሠራ ነው። ኮብልስቶኑ ላይ ቀጭ፣ ቀጭ ይልና በየሦስተኛው እርምጃ ትንሽ ያመነታል። ልብ በሉ፣ እኔ አላነክስም።

አንድ የተከፈተ የቆርቆሮ በር ጋ ስደርስ፣ «ሰብለ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ቆምኩ። ዓይናቸውን ሞራ የጋረደው እማማ ታንጉት ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰፈሩ ውስጥ ቤት የተከራየሁት በቅርብ ቢሆንም፣ አንዲት ልጃቸው ሰብለ ባለፈው ዓመት እንደሞተችባቸው ሰምቻለሁ።

«እኔ ነኝ እማማ፤ እላይ ቤት የተከራየሁት።»

«ምነው ታዲያ በልጄ እግር ትሄጃለሽ?»

ጠጋ ስል እጃቸውን ሰደዱና ግራ ጫማዬን ዳሰሱ። ጣታቸው ስፌቷ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ።

«እኔው ነኝ የሰፋሁላት፤ ያን ጊዜ ዓይኔ ያይ ነበር። አርባዋ ሲወጣ ልብሷን ለነዳያን ስጡልኝ ብዬ ነበር» አሉ። ቁጣ የለበትም።

«ላውልቀው እማማ፤ ይውሰዱት።»

«ባዶ ጫማ ምን ያደርግልኛል ልጄ? ይልቅ እስከዚያ ጥድ ድረስ ተራመጅልኝ።»

ተራመድኩ። መንገደኛው ሥራ የሚረፍድባት ሴት ያያል፤ እኔ ለአንዲት እናት ልጇን ሆኜ እሄዳለሁ። ስመለስ ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ ብለዋል።

«ሸጋ ነው። ነገም በዚሁ እለፊ» አሉኝ።

በየጠዋቱ አለፍኩ። ቀይ ሶሌን ያደነቀልኝ ሰው የለም፤ ቀለሙም በሳምንቱ ተልጦ አለቀ። ግን ማለፌን አልተውኩም።

ባለፈው ሐሙስ ለሥራ ኮላ ድባ ሄድኩ። መንገዱ ጭቃ ነውና ጫማውን አልጋዬ ሥር አስቀምጬ፣ በሬን ቆልፌ ወጣሁ፤ እዚያው አደርኩ። አርብ ከሰዓት ስመለስ፣ በስኒከሬ ኮቴዬን ሳላሰማ ወደ እማማ ታንጉት ጎራ አልኩ።

«እማማ፣ ትናንት ሳላልፍ በመቅረቴ...»

«አልፈሻል እንጂ! ዛሬ ጠዋትም አልፈሻል። ብቻ ብጠራሽ አልቆምሽልኝም። ምነው፣ አስቀየምኩሽ እንዴ?»

ሌላ ሰው ይሆናል፣ በጎንደር ባለታኮ እኔ ብቻ ነኝ ወይ ልላቸው ነበር። ፊታቸውን ሳይ ግን ተውኩት።

«ኧረ አላስቀየሙኝም! ረፍዶብኝ ነው።»

«እንግዲያ ነገ ቁሚልኝ» አሉ።

ይኸው አራተኛ ቀኔ ነው፣ በስኒከር ሥራ እገባለሁ። አልጋዬ ሥር ጎንበስ ብዬ አላየሁም፤ እናንተም እዩ እንዳትሉኝ። ጠዋት ስወጣ ግን በሬን አልቆልፍም፤ ለሰብለ ገርበብ አድርጌ ነው የምተወው።