በአረቄ ምርጊት የታሸገ ማርሚታ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ፍኖተ ሰላም። የመኪናዬ ማርሚታ፣ የጭስ ድምፅ ማፈኛው፣ ተቀደደ። የተጎዳ ሰው የለም።

እስከዚህ ዜና ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የኔ ጥፋት ነው። ስልክ የያዘ ወንድ ሁሉ መካኒክ ነው! እኔም ስልክ አለኝ።

ሌላ ቀን ቢሆን ጋራዥ እስኪከፈት እጠብቅ ነበር። በዚያ ጠዋት ግን ለታናሽ ወንድሜ ለሙሉቀን ሚስት የሚጠይቁ ሦስት ሽማግሌዎች ይዤ ሁለት ሰዓት ላይ ቡሬ መድረስ ነበረብኝ። ሽምግልና እንደምታውቁት በጸጥታ የሚኬድበት ጉዳይ ነው፤ የልጅቷ አባት እምቢ ቢሉ እንኳ ጎረቤት ሳይሰማ ይመለሳሉ። የኔ መኪና ደግሞ ገና ቁልፉን ሳዞረው ወፍጮ ቤት ሆነች። ወፍጮ ቤትስ ቢያንስ እህል ይፈጫል...

«ጋሼ፣ በዚህ ድምፅ ወደ ቡሬ ብትሄዱ ደምበጫም ይሰማል እኮ!» አለ ሙሉቀን።

«ዝም በል። ምርመራ ላይ ነኝ።»

ምርመራውን ያስተማረኝ የስልኬ ቪዲዮ ነው። ሞተሩን ቀዝቃዛ ሳለ አስነሡ፣ የጭስ ማውጫውን ጫፍ ለአፍታ በእርጥብ ጨርቅ ድፈኑት፣ ጭሱ በሌላ በኩል «እስስ» ካለ ቀዳዳው እዚያ ነው። (እውነት ነው፣ ይሠራል። ግን ደጅ አውጥታችሁ ሞክሩት፤ ጭሱ ቀልድ አያውቅም።) ቀዳዳው ቱቦው ከማርሚታው የሚጋጠምበት ላይ ተገኘ፤ ሁለት ጣት ያስገባል። ልኩን ያረጋገጥሁት በራሴ ሁለት ጣት ነው። ሞተሩ ያን ጊዜ ቀዝቃዛ አልነበረም።

«አሁን ሙቀት በሚችለው ልጣፍ ጠቅልሉት» ይላል ቪዲዮው፣ ልጣፉ በየቤቱ ከበርበሬው ጎን የሚቀመጥ ይመስል። እኔ የዘይት ቆርቆሮ ቀድጄ በሽቦ አሠርሁበት። ለውጥ አለ፤ ቀድሞ ያገሳ ነበር፣ አሁን እያገሳ ይንኳኳል።

በአጥሩ ላይ እትዬ ጥሩዬ ብቅ አሉ። ጎረቤቴ ናቸው፤ አረቄ ያወጣሉ።

«ምን ሁነህ ነው ከመኪና ሥር የምትንፈራገጥ?»

«ቱቦው ይተነፍሳል፣ እትዬ። ከመጋጠሚያው።»

«ታዲያ ምረገዋ! የኔ ጋን ሲተነፍስ ቪዲዮ ሳይ አይተኸኛል?»

የአረቄ ጋናቸውን አፍ የሚያሽጉበትን ምርጊት፣ ጭቃ ከአረቄ አተላ ጋር የተለወሰበትን፣ በሳህን ይዘው መጡ። መረጉት። ቆርቆሮዬን በላዩ አሠርን። ሞተሩን አስነሣሁ... ጸጥ! ለዓመታት ዜና ስጽፍ ሳላጣራ ያመንሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሽማግሌዎቹን ጭኜ ስወጣ መንገድ ላይ ምርጊቱ ጋለ። መጀመሪያ ዳቦ ዳቦ ሸተተ። ቀጥሎ አተላው ተነሣ፤ መስኮቱን ሁሉ ከፍተንም መኪናዋ አረቄ ቤት ሆነች። የሽማግሌዎቹ መሪ፣ የቅኔ መምህሩ የኔታ፣ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«ልጄ፣ በጠዋት የቀመሰው ማን ነው?»

«መኪናዋ ናት፣ የኔታ።»

«እንዲህ ያለ ምክንያት ከተማሪዎቼም ሰምቼ አላውቅ።»

ቡሬ በሰዓቱ ደረስን። ዞሮ ያየን የለም። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ደጃፍ ላይ ቆሙ። የልጅቷ አባት አቶ ስንሻው፣ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ወጡና ገና ሰላምታው ሳያልቅ አየሩን ሳቡ።

«ልጄን ልትጠይቁ የመጣችሁ ጠጥታችሁ ነው?»

«አልቀመስንም» አሉ የኔታ።

«ሽታውስ?»

የኔታ ዋሽተው አያውቁም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው «መኪናዋ ናት» አሉ።

አቶ ስንሻው በሩን ያዙ። በሩ ሊዘጋ ነው፤ የወንድሜ ትዳርም አብሮ። «ማስረጃ አለኝ!» ብዬ ጮህሁ። ወደ መኪናዋ ወሰድኋቸው። አጎነበሱ፣ አሸተቱ፣ በከዘራቸው ነካ አደረጉ። ምርጊቱ፣ ቆርቆሮው፣ ሽቦው... በመጨረሻም ማርሚታው ራሱ፣ ተከታትለው ወደቁ።

«አስነሣት እስቲ» አሉኝ።

አስነሣኋት። ሠፈሩ በሙሉ ወጣ። አንዲት ጎረቤት ጋቢ የለበሱትን ሦስት ሽማግሌዎች ቆጠሩና ገባቸው።

«ጋሼ ስንሻው! ለልጅቷ ሽማግሌ መጣ እንዴ? እልልል!»

በጸጥታ የሄድንበት ጉዳይ ይኸው ነው።

እልልታው ሳያልቅ አቶ ስንሻው ከምርጊቱ አንድ ቁራጭ አንሥተው በጣታቸው ፈተጉት።

«ይህን የመረገው ማን ነው?»

«ጎረቤቴ ናቸው። አረቄ ያወጣሉ።»

«እስከ ቡሬ አደረሰ!» አሉ በአድናቆት። ቆርቆሮዬን ግን በእግራቸው ገፋ አደረጉት። «ይህንስ?»

«እኔ።»

ቆርቆሮውን ደግመው ገፉት። ወደ የኔታ ዞረው «የዛሬ ሦስት ሳምንት ተመለሱ» አሉ።

ሦስተኛው ሳምንት ዛሬ ነው። ሦስቱ ሽማግሌዎች ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በአውቶቡስ ወደ ቡሬ ተነሥተዋል። አራተኛው መቀመጫ ላይ፣ በኔ ፋንታ፣ በአቶ ስንሻው ጥያቄ፣ እትዬ ጥሩዬ ተቀምጠዋል።