የኤልዱ ችፌና ሁለቱ የቤት ሐኪሞቿ

እኔ የምለው፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ሐኪም ያልሆነ ሰው ማን ነው? እስቲ ቆዳዋ ሽፍ ያለባት ሕፃን አቅፋችሁ ከአስራ ስምንት ማዞሪያ እስከ አስኮ በታክሲ ሂዱ። "ወራጅ" ሳትሉ ሰባት ዓይነት መድኃኒት ይታዘዝላችኋል። ፊት የተቀመጡት እናት "ዓይን ነው" ይላሉ። ኋላ ያለው ጎልማሳ "የለም፣ ጉበት ነው" ይላል። ረዳቱ እንኳ በሩን እየዘጋ "እሬት ቀቧት" ይላል። እሱን ማን ጠየቀው?

ሁሉንም በትዕግሥት ሰማሁ። አንገቴን ያስደፋችኝ አንዲት ሴት ናት። ልጄን አየት፣ እኔን አየት አደረገችና፣ ቀስ ብላ፣ ግን ታክሲው በሙሉ እንዲሰማ አድርጋ፣ "ምነው ወንድሜ፣ አታጥባትም እንዴ?" አለችኝ።

ደረጀ እባላለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ኮልፌ ከምንኖርበት ግቢ በር አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ፤ የስፌት መኪናዬም ካውያዬም እዚያው ናቸው። ባለቤቴ ሰናይት ጠዋት ወጥታ አመሻሽ ላይ የምትገባ የቢሮ ሠራተኛ ስለሆነች፣ ቀን ቀን ልጃችንን የምይዛት እኔ ነኝ። ኤልዳና ትባላለች፤ ኤልዱ ነው የምንላት። ያኔ ሁለት ዓመት ሊሞላት ትንሽ ነበር የቀራት።

የብርዱ ወራት ገብቶ ያ ደረቅ ነፋስ ሲጀምር መጀመሪያ ጉንጮቿ ሻከሩ። ቀጥሎ የክርኗ እጥፋት ቀላ። ከዚያ የጉልበቷ ጀርባ። ከዚያ ማከክ ጀመረች። ማከክ ስላችሁ እንደ እኔና እንደ እናንተ ጫር ጫር አድርጎ መተው እንዳይመስላችሁ። ሥራዬ ብላ፣ ቁጭ ብላ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ነው። ስትጫወት ታቆምና ታካለች። ስትበላ ታቆምና ታካለች። እሷን ሳይ እኔንም ይበላኛል። ልኬት የምወስድለት ደንበኛ ሳይቀር እጁን ዘርግቶ እንደቆመ በሌላው እጁ አንገቱን ያክ ነበር።

እና የዚያች ሴትዮ ቃል ሆዴ ገባ። አላጥባትም? እኔ? በማግስቱ ሳፋውን ሞላሁ። ውሃውን እንፋሎቱ እስኪወጣ አሞቅሁት፤ እድፍ የሚለቀው በሙቅ ነዋ! ያንን የጽጌረዳ ሽታ ያለውን ሳሙና አነሳሁና በጨርቅ ፈተግኳት። ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ። ከሳፋው እንደ በርበሬ ቀልታ ትወጣለች፤ እኔ "አሁን ጠራች" እላለሁ። ትንሽ ቆይቶ ቆዳዋ እንደ ጠመኔ ይነጣል፣ ይሰነጠቃል። "ገና አልጠራችም ማለት ነው" እልና እደግማለሁ። ስህተትን እንደ እኔ ተግቶ የሠራ ሰው አላየሁም።

እንዳይበርዳት ደግሞ ከደንበኛ ሱፍ በተረፈ ቁራጭ ኮት ሰፋሁላት። ሦስት ቁልፍ ያለው፣ የደረት ኪስ ያለው። ቁጭ ብላ ስታክ ስብሰባ የሰለቸው ሥራ አስኪያጅ ነው የምትመስለው። ሱፍ ያለ ገበር በባዶ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ ለደንበኞቼ ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ! ለልጄ ሲሆን ረሳሁት።

በዚህ መሃል አማቴ እማማ ዘነበች መጡ። አስኮ ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅቤ የነገዱ የጉራጌ ሴት ናቸው። ለእርሳቸው በዚህ ዓለም ላይ ቅቤ የማያቃናው ነገር ቢኖር የአስኮ መንገድ ብቻ ነው። ኤልዱን ገልጠው አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ።

"ደረጀ፣ ይቺን ልጅ አደረቅሃት እኮ።"

"ኧረ በቀን ሁለቴ ነው የማጥባት እማማ።"

"ልብስ መሰለችህ እንዴ? ቅቤ ነው የጠማት!"

ከቦርሳቸው ጠርሙስ አወጡ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ የዚያን ቀን ለጋ ቅቤ አልያዙም። የያዙት ለሰናይት ወጥ ያመጡትን ነው። የነጠረ። ኮረሪማና በሶብላ የገባበት። "ቅቤ ቅቤ ነው" አሉና ከአናቷ እስከ ጥፍሯ ለቀለቋት። ልጄ ክትፎ ክትፎ ሸተተች። የጎረቤታችን ድመት ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከኤልዱ አልለይ አለች፤ ስትሄድ ትከተላታለች፣ ስትቀመጥ ተረከዟን ትልሳለች። ኤልዱ ደግሞ የራሷን ክንድ ላስ ታደርግና ዓይኖቿን ትጨፍናለች። ጥሟታል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጦርነት በሉት። እማማ በየቀኑ ከአስኮ መመላለስ ጀመሩ። እኔ ጠዋት ቅቤውን በሙቅ ውሃና በሳሙና አስለቅቃለሁ፤ እሳቸው ረፋድ ላይ መጥተው ይቀባሉ። ከሰዓት ሲመለሱ ታክሲ ድረስ እሸኛቸዋለሁ። ምን ዓይነት ጨዋ አማች ነው ትሉኝ ይሆናል። መሄዳቸውን በዓይኔ ለማረጋገጥ ነው! ከዚያ ሮጬ ሳፋውን አወጣለሁ። አንድም ቀን ፊት ለፊት አልተነጋገርንም። ሰናይት ገብታ "ልጅቷ ለምን አልተሻላትም?" ስትለኝ "እናትሽን ጠይቂ" እላታለሁ። እናቷን በስልክ ስትጠይቅ "ባልሽን ጠይቂ" ይሏታል። ሁለታችንም ልጅቷን እንወዳለን፤ እሱ አይካድም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያ ሰሞን ከልጅቷ መዳን ይልቅ የየራሳችንን ማሸነፍ ሳንወድ አልቀረንም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ኤልዱ አልነሳ አለች። የክርኗ እጥፋት ተሰነጣጥቆ ቢጫ ውሃ አዥቷል። ግንባሯ ይፋጃል። ያው ልማዴ ነውና ሳፋውን ይዤ ገባሁ። ስታየው ጮኸች። ሁለት እጆቿን ከኋላዋ ደበቀችና "አባ፣ አይ! አይ!" አለችኝ። ገና ቃል ብዙ አታውቅም፤ ያለቻትን ሁለት ቃል እኔን ለመለመን አዋለቻት። ሳፋውን ይዤ ቀረሁ።

እማማ በዚያው ቅጽበት ደረሱ። አዩዋት። ጠርሙሳቸውን ቀስ አድርገው ወለሉ ላይ አስቀመጡ።

"ደረጀ፣ ምን አድርገናት ነው?" አሉ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ።

ልብ በሉ፣ "አድርገሃት" ማለት ይችሉ ነበር። "አድርገናት" ነው ያሉት። አማቴን የወደድኳቸው ያኔ ነው። በነጠላቸው አዘሏትና ተያይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን።

የተቀበለችን ሐኪም ቀጠን ያለች ወጣት ናት። ቁስሉን አየች፣ ትኩሳቷን ለካች፣ ከዚያ ወደ እኛ ዞረች።

"በቀን ስንቴ ነው የምትታጠበው?"

"ሁለቴ" አልኩ፣ ምን ይዋጠኝ ሳልል።

"በሙቅ ውሃ?"

"በደንብ በሞቀ።"

"ሳሙናውስ?"

"ሽታው በጣም ጥሩ ነው።"

ብዕሯን አስቀመጠች። እማማ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ፤ ሊስቁ ነው። ሐኪሟ ግን ወደ ኤልዱ ጎንበስ ብላ አሸተተችና፣ "ይቅርታ፣ ይሄ… ኮረሪማ ነው?" አለች። እማማ ሳቃቸውን ዋጡት። እኔም ፈገግ ልል ስል፣ "ይሄን ኮትስ ማን ነው የሰፋላት?" አለች። ሁለታችንም መሬት መሬት አየን።

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለን ነበር። ችፌ እንደሚባል ነገረችን። ከእድፍ እንደማይመጣ፣ ከሰው ወደ ሰውም እንደማይተላለፍ፣ የልጅቷ ቆዳ እርጥበቱን ቶሎ የሚለቅ ደረቅ ቆዳ እንደሆነ አስረዳችን። "አንደኛችሁ ያለችውን እርጥበት ትጨርሱባታላችሁ፤ ሌላኛችሁ በቁስሏ ላይ ቅመም ትጨምሩባታላችሁ" አለች። ቁስሉ ስላመረቀዘ የሚጠጣ መድኃኒት፣ ለቀላው ቦታ ብቻ ደግሞ የሚቀባ አዘዘች። ከዚያ በለብ ያለ ውሃ አምስት ደቂቃ እንድትታጠብ፣ ሽታ ያለው ሳሙና እንዲቀር፣ መፈተግ የሚባል ነገር እንዳይኖር፣ በፎጣ ነካ ነካ አድርገን ሳትደርቅ ወዲያው ሽታ የሌለው ቫዝሊን እንድንቀባት ነገረችን። ጥፍሯ ይቆረጥ። ቆዳዋን የሚነካው ጨርቅ ጥጥ ይሁን። "ሄድ መጣ ይላል፤ ሲመለስ አትደንግጡ። ውሃ ካዠ ወይም ካተኮሳት ግን ቶሎ አምጧት።"

ፌርማታው ጋ ስንደርስ እማማ ጎሰም አደረጉኝ።

"ሰማህ? ቀቧት ነው ያለችው።"

"እጠቧትም ብላለች እማማ።"

"ቀቧት ያለችው በኋላ ነው። የሚጸናው የመጨረሻው ቃል ነው።"

ከማግስቱ ጀምሮ ሥራ ተከፋፈልን። እኔ አጥባለሁ፣ እሳቸው ይቀባሉ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ? ለአምስቱ ደቂቃ እማማ ሰዓት አላምንም አሉና አሥር ጊዜ አባታችን ሆይ ይደግማሉ። ሲቸኩሉ ሰባተኛው ላይ "አሜን! አውጣት!" ይላሉ። እኔ በፎጣ ነካ ነካ አድርጌ አቀብላቸዋለሁ፣ እሳቸው "አይዞሽ፣ አይዞሽ" እያሉ በቫዝሊን ያዳርሷታል። እኔም ያረጀ የጥጥ አንሶላ ቀድጄ ስፌቱ ወደ ውጭ የሆነ ሸሚዝ ሰፋሁላት። ድመቷ ለሁለት ቀን መጥታ አሸተተች፣ ቅር ብሏት ሄደች። በሦስተኛው ሳምንት ኤልዱ ማከኩን ትታ መሮጥ ጀመረች።

መዳኗ ግን ሌላ ጣጣ አመጣ። ልጅ ያየውን ነው የሚሠራው። ኤልዱ የቫዝሊኑን ዕቃ ከያዘች የደረቀ የመሰላትን ሁሉ "አይዞ፣ አይዞ" እያለች ትቀባለች። አሻንጉሊቷን ቀባች። የግድግዳውን ስንጥቅ ቀባች። አንድ ቅዳሜ ደግሞ ተጠናቆ የተሰቀለውን የጋሽ መኮንንን ጥቁር ሱሪ ቀባች።

ጋሽ መኮንን ማለት ቁጡ ሰው ናቸው፤ በማግስቱ ደግሞ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ሱሪውን ሊወስዱ ሲመጡ ጉልበቱ ላይ አምስት ትናንሽ ጣቶች ቁልጭ ብለው ታትመዋል።

"ይሄ ምንድን ነው ደረጀ?"

"ጋሽዬ፣ ቅባት ነው፤ ጠመኔ ነስንሼ፣ ወረቀት አድርጌ በካውያ አስለቅቀዋለሁ…"

"በቅባት ሱሪ ነው ልጄን የምድረው? ሰው ፊት?" እያሉ በርጩማዬ ላይ ዘጭ አሉ። ሲቀመጡ የለበሱት ሱሪ ወደ ላይ ተሰበሰበ። ቅልጥማቸው አመድ የተነፋበት ይመስላል፤ የጥፍር መስመር በመስመር ላይ።

ኤልዱ አየች። እኔም ኤልዱን አየሁ፤ ግን አልደረስኩም። ዕቃዋን አቅፋ ፊታቸው ተንበረከከች፣ ሁለት ጣቷን ነከረችና፣ "አይዞ" አለቻቸው።

ጋሽ መኮንን በቁጣቸው መሃል ገታ አሉ። አፋቸው እንደተከፈተ ወደ ታች አዩ። ኤልዱ ትቀባለች። እማማ ከግቢው ብቅ ብለው "በሙቅ ውሃ ይሆናላ የሚታጠቡት" አሉ። ጋሽ መኮንን በቀስታ የሌላኛውን እግራቸውን ሱሪ ሰበሰቡና፣ "ይቺኛዋም ትበላኛለች" አሏት።

ቅባቱን አስለቀቅኩት፤ ልጃቸውንም በክብር ዳሩ። አሁን በሳምንት አንዴ በክፍሌ በር አንገታቸውን ብቅ ያደርጋሉ። መጀመሪያ ሰሞን ልብስ ሊያሰፉ እየመሰለኝ ሜትሬን አነሳ ነበር።

"ዶክተሯ አለች?" ይሉኛል።

"ተኝታለች ጋሽዬ።"

"ግዴለም፣ ወረፋ እይዛለሁ" ይሉና፣ ሁለት እግር ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው በርጩማዬ ላይ ይቀመጣሉ።