ድራሙን ያልተሸከመ አይመታውም

እርዳታን እንደ ስድብ የሚቆጥር ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። በእኛ በሴንት ሉዊስ ሹመቱ የክቡር ኤልጂን ቶሊቨር ነው።

ክቡርነታቸው የጃዝ ድራመር ናቸው። ትራምፔት ነፊ ሳጥኑን አንጠልጥሎ ከተፍ ይላል፤ ድራመር ግን ቤት እንደሚቀይር ሰው ነው። እሳቸው ያን ሁሉ ጓዝ መጀመሪያ ለቤተ ክርስቲያን መዘምራን፣ ቀጥሎ ለጦር ሠራዊት ባንድ፣ ኋላም ከከተማ ከተማ ሲዞሩ ለብቻቸው ተሸክመዋል። ቺካጎ ላይ ስማቸው በትልቁ በተለጠፈበት አዳራሽ ዘበኛው ወዛደር መስለውት በጓሮ በር አስገባቸው። "ወዛደርም ነኝ" ብለው ገቡ። ልባቸውን ታመው ሆስፒታል የሄዱ ዕለት ቃሬዛውን በአንድ በኩል ላንሳ ብለዋል ይባላል።

ሊያግዝ እጁን ለዘረጋ መልሳቸው አንድ ነው፦ "ድራሙን ያልተሸከመ አይመታውም!"

ቅዳሜ ከሰዓት የምንጫወተው በወይዘሮ ቨርናዲን ዓሣ ቤት፣ ፎቁ ላይ ነበር። እኔ ሰው የሚያክለውን ባለ ክር ቤዝ እመታለሁ። አንድ ቅዳሜ ክቡርነታቸው ደረጃው መሀል ትልቁን ድራም አስቀምጠው ቁጭ አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"አምጣ፣ ልያዝልህ" አልኳቸው።

"ዞር በል፣ ሲላስ። ግድግዳውን እያየሁ ነው።"

"ግድግዳው ምን ሆነ?"

"ቀለም ያንሰዋል።"

በማግስቱ ደወሉልኝ። "ለቨርናዲን ሌላ ድራመር ፈልጊ በላት። ሙዚቃ ሰልችቶኛል። አበባ ልተክል ነው።"

"አንተ? አበባ?"

"ምን ያስቅሃል!"

ሳቅ አልመጣልኝም። ያ ሰው ድራሙን ትቶ አንድ ክረምት እንደማይዘልቅ አውቃለሁ። ቨርናዲን ዘንድ ሄድኩ።

"ጉልበቴ ደረጃ እምቢ ብሏል። ባንዱን ወደ ታች አውርጂልኝ።"

"ውሸታም! ባለፈው እሑድ ስትደንስ አላየሁህም?"

"ታመመ አልኩሽ እኮ።"

ደረጃውን ቀና ብላ አየች። አስተናጋጆቿን ጠርታ ጠረጴዛ ታስገፋ ጀመር።

ክቡርነታቸው አበባውን ተዉት። አሁን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ማይክ ይይዙና ወደ እኔ ይጠቁማሉ፦ "እመቤቶችና ጌቶች፣ ከዓሣ መጥበሻው ጋር የምንጋፋው ይህ ሽማግሌ ደረጃ መውጣት ስላቃተው ነው!" ቤቱ በሳቅ ያውካካል። እኔም አነክሳለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ በሩ ላይ ጠበቁኝ።

"ቤዝህን አምጣ፣ እኔ ላስገባልህ። በዚህ ጉልበትህ አትንገታገት።"

ቤዜን ከእኔ በቀር ማንም ነክቶት አያውቅም።

ሰጠኋቸው።