የሃምሳ ሳንቲም ቼክ ጣጣ

ትናንት ቀትር ላይ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ ሕልም አየሁ።

ሳንቲም ከአገር ጠፍቶ ነበር። ባንኩ ለየሰዉ ቼክ አድሏል። ጨው የሚገዛውም፣ ጫማ የሚያስጠርገውም እየፈረመ ይከፍላል። እኔም አንዲት ሎሚ ገዛሁና የሃምሳ ሳንቲም ቼክ ፈረምኩ። ቼኳ ከሎሚ ሻጯ ወደ ወፍጮ ቤት፣ ከወፍጮ ቤት ወደ ጠጅ ቤት ዞራ ዞራ ባንክ ገባች።

ወዲያው የባንኩ ሠራተኞች ከራባታቸውን አስረው ደጄ ላይ ተሰለፉ። ሥራ አስኪያጁ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣኝ።

«ጌታዬ፣ ቼክዎ ስንቅ የለውም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ሃምሳዋን ሳንቲም ይስጡን። አለዚያ ጀምበር ስትጠልቅ እኛ እንዘጋለን፣ እርስዎ ይታሰራሉ።»

አንድ ፖሊስ እጅጌዬን ጨምድዶ ያዘኝ። ሳንቲም ያለው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ብቻ ነው ተብሎ እዚያ ወሰደኝ።

የባንክ ኃላፊዎች ቦርሳቸውን ከፍተው መሬት ላይ ተደርድረዋል። «ስለ እመቤታችን፣ ዝርዝር!» ይላሉ። ነዳያኑ ወንበር ላይ ናቸው። በሩ ሥር ስትለምን የማውቃት ጥሩዓይነት አንድ ኬሻ ሳንቲም እግሯ ሥር አስቀምጣ ተንፈላስሳለች።

«ሃምሳ ሳንቲም አበድሪኝ፤ ልታሰር ነው» አልኳት።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ዋስ አለህ?»

«ይቺ ሎሚ አለችኝ።»

ተቀብላ ጫን ጫን አደረገቻት። «ደርቃለች። ሰው አምጣ።»

«እነዚህ ይዋሱኛል» ብዬ ኃላፊዎቹን አሳየኋት።

ነዳያኑ በሳቅ ፈረሱ። «እነሱንስ ማን ይዋሳቸው!» አለች ጥሩዓይነት። ቆይታ ግን አዘነችልኝ። «በል እንካ፣ በስተርጅና እስር ቤት አትግባ» ብላ ሳንቲሟን ዘረጋችልኝ።

እጄን ስሰድ ፖሊሱ እጅጌዬን ወደ ኋላ መነጨቀው።

«አባባ፣ ይንቁ እንጂ! ደረስን እኮ!»

ታክሲ ውስጥ ነኝ። የማላውቃት ሴት እጅጌዬን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ረዳቱ ዝርዝር የለኝም ብሎ የሁለታችንን መልስ አንድ አሥር ብር ሰጠን» አለችኝ። «ሳንካፈል አለቅዎትም።»

«ቤቴ በዚህ በላይ ነው፣ ልጄ።»

«የእኔ በታች ነው» አለችና እየጎተተች ይዛኝ ወረደች።